የእማማ ሊያው ሁለተኛ ሳሕን ሾርባ

ለክቡር አቶ ፋንግ ዢንያው
የሊንጋንግ ወረዳ የምግብ ጥራት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከሐሙስ በፊት በእግርዎ እንዲመጡልን ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ፣ ጉልበትዎ እንዲጸና፣ እንቅልፍዎ እንዲጣፍጥ፣ በተለይም የምግብ ፍላጎትዎ እንዳይጓደል ከልብ እመኛለሁ። የምግብ ፍላጎትን ነገር ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። በቤቴ የሰማንያ አራት ዓመት አዛውንት እህል ካቆሙ ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ስለሆነ፣ ሰው ሲበላ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያው ይቀራል።

ስሜ ጂየን ሱዩን ይባላል። በሊንጋንግ ፖስታ ቤት ሁለተኛው መስኮት ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጬ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ከጽሕፈት ቤትዎ የሚወጡትን ፖስታዎች ስመዝንና ማኅተም ስመታባቸው የኖርኩ በመሆኔ፣ ሳንተያይ ተዋውቀናል ማለት ይቻላል፤ የፊርማዎ ጅራት ወደ ላይ እንደሚቆለመም ከባለቤትዎ ቀጥሎ የማውቅ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ይህን ደብዳቤ ግን በፖስታ ብቻ አልላክሁትም። አንዱን ቅጂ በዓሣ ገበያው ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሌላውን ለአውራጃው ጋዜጣ ሰጥቻለሁ። ይህን ማድረጌ እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ ከጽሕፈት ቤትዎ አጠገብ ያለፈ ደብዳቤ አድራሻውን ሊስት እንደሚችል በቅርቡ ስለ ተማርኩ ብቻ ነው።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ነገሩ የሚነካቸውን ሰዎች ላስተዋውቅዎ፤ መዝገብዎ ላይ በቁጥር እንጂ በስም ስለማይታወቁ።

ምግብ ያቆሙት የባለቤቴ እናት፣ እማማ ሊያው ናቸው። የዛሬ አርባ አንድ ዓመት ባለቤቴ ዠንሃይ ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ በአጎቱ ጀልባ ለዓሣ እንደ ወጣ ማዕበል ወሰደው። አሥራ አንድ ቀን ጠፋ። ሰዉ ተስፋ ቆርጦ የሙት ዕጣን ማጨስ ሲጀምር እናቱ ወደብ ዳር ባለው መቅደስ፣ በምሕረት እናት በጓንዪን ፊት ተንበርክከው፣ ልጄን ከመለስሽልኝ ደም ያለበት ነገር እስክሞት በአፌ አይዞርም ብለው ተሳሉ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሌላ ወደብ ጀልባ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀውን ልጃቸውን አምጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ድስት ውስጥ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላልም፣ የመቅደሱ ጾም የሚከለክላቸው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ገብቶ አያውቅም። እኔም ሳገባ የሥጋ ድስቴን ለእህቴ ትቼ ነው የገባሁት። ዠንሃይ እስካሁን ዓሣ አጥማጅ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ይህችን ከተማ ዓሣ አብልቶ አንዲት ዓሣ ወደ ቤቱ ይዞ መጥቶ አያውቅም። ባሕር ላይ ሲውል ምን እንደሚበላ ጠይቄው አላውቅም። ትዳር በጥያቄ ብዛት አይጸናም።

ይኸው ዠንሃይ አሁን የልብ ሕመምተኛ ነው። በመጪው ሐሙስ ጠዋት ታይናን በሚገኝ ሆስፒታል ደረቱ ይከፈታል፤ ቀኑ ካለፈ የሚቀጥለው ተራ ከሁለት ወር በኋላ እንደሆነ ተነግሮናል፤ ሐኪሙም ልቡ ሁለት ወር የምትጠብቅ እንደማትመስለው ፊት ለፊት ነግሮናል። ባለቤቴ ታዲያ ቢላዋ ሥር ከመግባቱ በፊት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እናቱን፣ ራሳቸው ያላበሰሉት ማዕድ ፊት አስቀምጦ መጋበዝ። እማማ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ከቤታቸውና ከመቅደሱ ወጥ ቤት ውጭ አንድ ጉርሻ ቀምሰው አያውቁም። ለዚህ እራት እሺ ያሉት በፔንግ ምግብ ቤት በር ላይ የተለጠፈችውን አረንጓዴ ወረቀት አይተው ነው። የሎተስ አበባ ሥዕል፣ ከሥሩ «ንጹሕ የጾም ማዕድ»፣ ከእሱም ሥር ቀይ ማኅተምና ጅራቷ የተቆለመመ ፊርማ።

እማማ ማንበብ አይችሉም። ማኅተም ግን ያውቃሉ። ማኅተም ያረፈበት ነገር ሰው ቆሞ የሚመልስለት ነገር ነው ብለው ያምናሉ፤ በዚህ ዕድሜያቸው ከዚህ እምነት ላነቃቸው አልፈለግሁም ነበር።

አሁን በሥርዓቱ መሠረት አቤቱታዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሎተሷ ወረቀት ላመሰግንዎ እወዳለሁ። እንዴት እንደምትሰጥ ለማወቅ ጓጉቼ ጸሐፊዎን ስጠይቃት የምርመራ ቅጹን በደግነት አሳየችኝ። ሃያ አራት ጥያቄ አለው። የማቀዝቀዣው ሙቀት ስንት ነው? አብሳዩ ቆብ ያደርጋል? የቆሻሻ በርሜሉ ክዳን አለው? የእሳት ማጥፊያው ቀን አልፎበታል? እነዚህ ሁሉ ለሰው ልጅ ደኅንነት የሚጠቅሙ መሆናቸውን አልክድም። «የጾም ማዕድ» የሚል ወረቀት ለመስጠት በወጣ ቅጽ ላይ ግን «ድስቱ ውስጥ ምን ትጨምራለህ?» የሚል ሃያ አምስተኛ ጥያቄ ፈልጌ አጣሁ። ምናልባት ወረቀቱ አልበቃ ብሎ ይሆናል። የፔንግ ማቀዝቀዣ አራት ዲግሪ ሆኖ በመገኘቱ ግን በቤተሰቤ ስም እንኳን ደስ ያለዎ ልበል።

ሁለተኛ፤ ስለ እራቱ።

የዛሬ አሥራ ስድስት ቀን፣ ቅዳሜ ገና ሳይመሽ ገባን። አስተናጋጇን ቁጭ እንዳልን ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ሽንኩርት የለም፣ ነጭ ሽንኩርት የለም እያልኩ በጣቴ ቆጠርኩላት፤ እሷም ወደ በሩ ሎተስ በአገጯ አመለከተችኝ። ፔንግ ራሱ ከወጥ ቤት ብቅ ብሎ እማማን ሲያይ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ሁለት ጊዜ እጅ ነሣ። ፔንግን ያውቁታል፤ ሰፊ ሆድ፣ ሰፊ ሳቅ፣ እናቱን የቀበረ ገና አምና ነው። ቶፉው፣ የአኩሪ አተር አይቡ፣ በእንጉዳይ መጣ፤ የቀርከሃ ቡቃያው መጣ፤ እማማ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀመሱ፤ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ እያንዳንዱን ጉርሻ እያገላበጡ። ከዚያ ሾርባው መጣ።

የመጀመሪያውን ሳሕን ጨርሰው መብያ እንጨታቸውን አስቀመጡ። ዠንሃይ ፊቱ ተለወጠ፤ አልወደዱትም ብሎ ነው። እማማ ግን ሳሕናቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው እንዲህ አሉት፦ «ዠንሃይ፣ እስቲ ትንሽ ጨምርልኝ። እናቴ ወጥ ቤት የገባሁ መሰለኝ።» ባለቤቴ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት ጭልፋ ሲይዝ አላየሁትም። ሁለተኛዋን ሳሕን የሞላላቸው እሱ ነው፤ በገዛ እጁ። ይህን እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ።

ከራሳችን በላይ የተሰቀለው የአየር ማቀዝቀዣ ቀጥታ ጠረጴዛችን ላይ ይነፍስ ነበር። ሾርባው በጎድጓዳው ሳሕን ውስጥ ሲቀዘቅዝ ፊቱ ላይ ነጭ ነገር መርጋት ጀመረ። በመጀመሪያ በዳር ዳሩ፣ ከዚያ እስከ መሃሉ። ክቡር ሆይ፣ የአትክልት ዘይት እንደዚያ አይረጋም። እኔ አየሁት። ቀና ስል ዠንሃይም እያየው ነው። እማማ ደግሞ በመብያ እንጨታቸው የሳሕናቸውን ታች እየለቀሙ ስለ እናታቸው ወጥ ቤት ያወራሉ፤ እኛ ሁለታችን «እ?»፣ «ከዚያስ?» እያልን የተነገረን ግን አንድም አልገባንም። ዠንሃይ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ጥርሴን ነክሼ ሾርባው ላይ ሳሕን ደፋሁበት። እንደዚያች ደቂቃ የረዘመችብኝ ደቂቃ የለችም።

መጸዳጃ ቤት ልሂድ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ፔንግ አልዋሸኝም፤ ይህን ለፍትሕ ስል እመሰክርለታለሁ። እንዲያውም በኩራት ነው የነገረኝ።

«እትዬ ሱዩን፣ ሥጋማ የለበትም! አንድ ጭልፋ የአሳማ ሞራ ናት፣ ለመዓዛ። ለሌላ ሰው አላደርገውም። እኚህን የመሰሉ እናት ቤቴ መጥተው በባዶ ውሃ ልሸኛቸው? እናቴ ከመቃብር ተነሥታ በጥፊ ትለኛለች!»

«ፔንግ፣ ሞራ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ይቀልጣል እኮ!» አለኝ። «የሚቀልጥ ነገር ደግሞ ሥጋ ይባላል እንዴ?»

ቀጥሎ ዓይኔን ሲያይ ጭልፋው ከእጁ ወደቀ። በዚህች ከተማ እንግዳን ቅባት በሌለው ሾርባ መሸኘት ነውር መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። ሰውየው እማማን የበደላቸው አክብሮ ነው፤ ለዚህ ደግሞ እስካሁን ሕግ አልወጣለትም።

በር ላይ ዠንሃይ ክንዴን ያዘኝ። «አደራሽን» አለኝ፣ «እማዬ እንዳትሰማ። ቀዶ ጥገናዬ እስኪያልፍ። ደብዳቤ የለ፣ ክስ የለ፣ ምንም የለ። ሰማሽ?» እኔም እሺ አልኩ።

ሦስተኛ፤ እዚህ ላይ ክቡርነትዎን ለጥቂት ጊዜ ትቼ ራሴን እከሳለሁ።

እሺ ያልኩትን አልጠበቅሁም። እሁድን እንደምንም ዋልኩ፤ ሰኞ ጠዋት ያቺ ሎተስ ከፊቴ አልጠፋ አለችኝ። ሌላም የተሳለች አሮጊት ነገ በዚያ በር ትገባለች ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ምክንያቴ እውነት ነበር፤ ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላውን ሰው አቤቱታ ቴምብር ስለጥፍ ኖሬ የራሴን አንድ ጊዜ ለመጻፍ እጄም በልቶኝ ነበር። ያን ማታ ከፔንግ ያስቀዳሁትን የተረፈ ሾርባ በብርጭቆ ማሰሮ ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። ቅጹ «ጉዳት የደረሰበት ሰው ስምና አድራሻ» ይላል። የእማማን ስም ጻፍኩ። ከሥሩ በቀይ ቀለም፣ መልሱ ለእኔ ብቻ በፖስታ ሣጥን ቁጥር ሰማንያ ስምንት እንዲላክ፣ ወደ ቤት ፈጽሞ እንዳይላክ ብዬ ሁለት ጊዜ አሠመርኩበት። ጸሐፊዋ በቅጹ ላይ ለቀይ ቀለም የተዘጋጀ ቦታ እንደሌለ በትሕትና ነግራኝ፣ ቢሆንም እንደሚታይ አረጋገጠችልኝ።

ታይቷል ብዬ አምናለሁ። ስለ ፍጥነትዎም ሳላመሰግን አላልፍም። በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ከጽሕፈት ቤትዎ በወር ውስጥ መልስ ያገኘ ሰው አላየሁም ነበር፤ እኛ ግን በአሥር ቀን አገኘን። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ በአደራ ደብዳቤ፣ በእማማ ሊያው ስም፣ ወደ ቤት።

ይህም አልበቃ፤ ቀሪውን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ከመስኮቱ ሥራ ጋር የፖስተኞች አለቃነትን ደርቤ በያዝኩበት ዘመን አንድ ሽማግሌ የመሬቱን ማስጠንቀቂያ ማንበብ ባለመቻሉ እርሻውን ሲያጣ አይቼ ደንብ አውጥቼ ነበር፦ ማንበብ ለማይችል አዛውንት የመንግሥት ደብዳቤ ሲደርስ፣ ፖስተኛው ጣት ከማስነካቱ በፊት ደጃፍ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ ያነብለታል። በዚያ ደንብ ስኮራ ኖሬአለሁ። ፖስተኛው አቱ ሃያ ስድስት ዓመት አብሮኝ የሠራ፣ ደንብ የማይዘል ሰው ነው። እማማ ጆሯቸው ደከም ስላለ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። እኔ ጓሮ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

«ክብርት ሆይ፣ በምግብ ቤቱ የተመገቡት ሾርባ ተመርምሮ ከመቶው ሦስት እጅ የአሳማ ሞራ የተገኘበት ሲሆን፣ መጠኑ ለጤናዎ ምንም ጉዳት የሌለው መሆኑን በደስታ እናበስራለን።»

እርጥብ አንሶላ እንደ ያዝኩ ሮጥኩ። ስደርስ እማማ በሩን ተደግፈው ቆመዋል። አቱ ነገሩ ምን እንደሆነ ገና አልገባውም፤ «እማማ ጨርሻለሁ፣ ጣትዎን እዚህች ላይ» ይላል። እማማ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው ተጭነው ፈረሙ፤ ከዚያ፦ «አቱ፣ እስቲ ያቺን መሥመር ድገምልኝ» አሉት። ዓይኔን ሲያይ ነገሩ ገባው መሰለኝ ድምፁ ወረደ። «ጮክ በል እንጂ» አሉት። ደገመላቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከማኅተም ከወጣ ደግሞ የት እንደሚባል እስካሁን የሰማሁት የለም።

«በደስታ» የምትለዋን ቃል ማን እንደ ጨመራት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ወይስ ቅጹ ላይ ድሮውኑ የታተመች ናት?

አራተኛ፤ ቤቴ አሁን ያለበትን ሁኔታ በአጭሩ ላስረዳ።

እማማ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከውሃ በቀር ምንም በአፋቸው አላደረጉም። የራሳቸውን ድስት እንኳ አላምነውም ይላሉ። የወደቡ መቅደስ መነኩሲት እማሆይ ጂንግ መጥተው፣ ሳያውቁ የበሉት እንደ ግድፈት አይቆጠርም፣ መጻሕፍቱም እንደዚያ ይላሉ ብለው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ። የእማማ መልስ እነሆ፦

«ማወቁንስ አላወቅሁም። ግን ጣፈጠኝ። አርባ አንድ ዓመት ችዬ፣ በአንድ ማታ ጨምሩልኝ አልኩ እኮ! ያውም ከማን እጅ? ከልጄ!»

እማሆይ ጂንግ መቁጠሪያቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

እማማ እንደሚሉት፣ አፋቸውን የዘጉት ባሕሩ አፉን እንዲዘጋላቸው ነበር፤ አሁን እሳቸው አፋቸውን ስለ ከፈቱ ሐሙስ ዕለት ልጃቸውን የሚጠብቀው ምን እንደሆነ መገመት አያቅታቸውም። ስለዚህ ዠንሃይ ከቢላዋ ሥር በሕይወት እስኪወጣ ድረስ እህል አልቀምስም ብለዋል። ዠንሃይ በበኩሉ እናቱ እህል ሳይቀምሱ ሆስፒታል እግሬን አላነሣም ብሏል። «አንድ ጊዜ እኔን ብላ ሥጋና ዓሣ ተወች፤ ሁለተኛ እኔን ብላ ስትሞት ላያት ነው?» ብሎኝ ሻንጣውን ከበር መልሶ አልጋ ሥር ከተተው። እሳቸው እሱ ካልወጣ፣ እሱ እሳቸው ካልበሉ። በዚህ መሃል ቀኑ ይሄዳል። ሁለቱም ግትሮች ናቸው፤ ባሕር ያልበላቸው በዚሁ ግትርነታቸው ይመስለኛል። ማታ ማታ ባለቤቴ ደረጃ ሲወጣ ሦስት ቦታ ሲያርፍ እሰማዋለሁ፤ እናቱም ከታች ክፍላቸው ሆነው ይሰሙታል። እኔ በሁለቱ መካከል የአጥሚት ሳሕን ይዤ እቆማለሁ፤ እስኪቀዘቅዝ እቆማለሁ፤ ከዚያ እደፋዋለሁ። ፈርቻለሁ፤ ክቡር ሆይ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

እማሆይ ጂንግ አንድ መንገድ አለ ብለዋል። በወደባችን ልማድ የሰውን ስእለት ያስገደፈ፣ በጓንዪን ፊት ከባለ ስእለቱ ጎን ተንበርክኮ «የእኔ ነው» ካለ ሸክሙ ወደ እሱ ይዞራል፤ አርባ ዘጠኝ ቀንም በባለ ስእለቱ ፈንታ ይጾማል። ፔንግ ይህን እንደ ሰማ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ እየሮጠ መጣ። ተንበረከከ። አለቀሰ። ጾሙንም በዚያው ቀን ጀምሯል፤ ሚስቱ ሆዱ እየጎደለ ነው ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቅቃለች። እማማ ግን ራሱን ደባብሰው እንዲህ አሉት፦

«ተነሥ ልጄ። አንተ ለእኔ ብለህ ነው፤ ያንተን ድሮ ይቅር ብያለሁ። እኔ አንተን አምኜ መች ገባሁና? የማላውቀው ሰው ቤት የገባሁት ማኅተሙን አምኜ ነው። ባለ ማኅተሙ የታለ?»

ይህን ጥያቄ ይዤ ዓርብ ጠዋት ቢሮዎ መጣሁ። ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ፤ ስብሰባው ልጅ ወልዶ ነበር። ቅዳሜ በአዲሱ ፍጥነትዎ መልስ ደረሰኝ፤ ጥያቄዬ በአሥራ አራት የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚታይና «ስእለት በጽሕፈት ቤታችን የሥልጣን ክልል የማይወድቅ» መሆኑን ይገልጻል። ልክ ነዎት። ስእለት በሥልጣንዎ ሥር አይደለም። «ንጹሕ የጾም ማዕድ» የምትለዋ ወረቀት ግን ነበረች።

ገበያ ውስጥ አንዳንድ ሰዎች አህያውን ፈርታ ዳውላውን፣ ሞራውን የጨመረውን ትታ ኃላፊውን ያዘች እያሉ እንደሚያሙኝ ሰምቻለሁ። ይበሉ። አህያው ተንበርክኮ አልቅሷል፤ የቀረው ዳውላው ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህች ናት። ከነገ ወዲያ ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ የወደቡ መቅደስ ይከፈታል። እማማን አዝዬም ቢሆን አመጣቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ከስድስት ቀን ጾም በኋላ እንኳን እኔ ነፋስም ያነሣቸዋል። ፔንግ ይኖራል፤ አቱ ፈቃድ ወስዶ ይመጣል። እኔም እንበረከካለሁ፤ ስማቸውን በቅጹ ላይ የጻፍኩ እኔ ነኝና የእኔንም ድርሻ አልሸሽም። ይህን ለእማማ ነግሬአቸዋለሁ። አምስት ቀን ያልበላ ሰው ለመቆጣት ጉልበት ከየት ያመጣል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን፦ «አንቺ ድሮም ወረቀት ስታዪ እጅሽ አያርፍም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩብኝ። እስካሁን አልመለሱልኝም።

ከእርስዎ አርባ ዘጠኝ ቀን ጾም አልለምንም፤ ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ። ካሣም አልፈልግም። ፔንግም ቤቱ እንዲዘጋበት አልፈልግም፤ አሁን በዚህች ከተማ ውስጥ ሞራ ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የምለምነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ድስቱን ሳላይ ፈርሜአለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» በወረቀት ሳይሆን በአፍዎ፣ ጮክ ብለው፣ ጆሯቸው ደከም ብሏልና። ማኅተምዎንም ይዘው ቢመጡ ደግ ነው፤ እማማ ማንበብ ባይችሉም እሱን ያውቁታል። ይህን ካሉ አዛውንቷ አጥሚታቸውን ይጠጣሉ፤ ልጃቸው ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ያወጣል፤ ሐሙስም በሰዓቱ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቁት ሐኪሙና ጓንዪን ናቸው፤ በእነሱ ሥልጣን እኔም ሆንኩ እርስዎ አንገባም።

ካልመጡ ደግሞ በአሥራ አራት የሥራ ቀናት ውስጥ የሚታየው ጥያቄዬ መልስ ሲያገኝ፣ እባክዎን ከመላክዎ በፊት በቤቱ ውስጥ የሚቀበል ሰው መኖሩን ያጣሩ።

ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ስብሰባዎ በጊዜ እንዲያልቅ፣ ጉልበትዎም ለመንበርከክ የሚያንስ እንዳይሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝ የማያቋርጥ አክብሮት በዚህ ደብዳቤ ክብደት ልክ መሆኑን በማረጋገጥ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ጂየን ሱዩን
የቀድሞ የሁለተኛው መስኮት ሠራተኛ፣ የእማማ ሊያው ምራት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤትዎ ልማድ መሠረት በእርስዎ ስም ሳይሆን በእናትዎ ስም ልልከው አስቤ ነበር። አድራሻቸውን አውቀዋለሁ፤ በየዓመቱ ለልደታቸው የሚልኩላቸውን የሎተስ ሥዕል ያለበትን ካርድ ሃያ ጊዜ ያህል መዝኜዋለሁ። ማንበብ እንደማይችሉም አውቃለሁ፤ አቱ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ነበር። ፖስታው ላይ ስማቸውን ጽፌ ጨርሼ ነበር፤ ከዚያ ቀደድኩት። ለዚህች ከተማ እህል ያቆመች አንዲት እናት ትበቃታለች።